የቁልፍ ቀራጩ እጅ

እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ባዶውን ቀረ። ኮሮና ሰዉን ሁሉ ቤቱ ከቶት ነበር። ሌላ ጊዜ መኪና ቦታ አጥቶ የሚዞርበት ሕንፃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አምስት ስድስት መኪና ብቻ ቆሞ ያድራል። እኔ የሌሊቱ ተራ ደርሶኝ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት አንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አነጋለሁ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳገላብጥ አንድ ሌሊት ፊቱን የማያሳይ፣ እጁንና ድምፁን ብቻ የሚያቀርብ ሰው ጓጉንቸር ሲከፍት አየሁ። ሎክፒኪንግ ሎየር በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ሁለት ቀጫጭን ብረት አስገባ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ አነሳሳቸው፣ ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ደግሜ አየሁት። እስኪነጋ ሌላ ነገር አላየሁም።

ለምን እንደያዘኝ ወዲያው ገብቶኛል። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ እናቴ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። አንድ ቀን ጠፋ። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ምንጣፍ ተነሳ፣ አልተገኘም። በመጨረሻ መንገድ ዳር ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ቁልፍ ቀራጭ ተጠራ። ትንሽ የጨርቅ ጥቅል ይዞ መጣ። እኛ ልጆች ከጎረቤቱ ጋር ከበን ቆምን። ሰውየው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየንና ጀርባውን ሰጠን፤ ትከሻውን አስፍቶ የቁም ሣጥኑን በር ከለለው። ክርኑ ትንሽ ትንሽ ሲነቃነቅ ይታየኛል፣ እጁ ግን አይታየኝም። አንገቴን ባሰግግ እናቴ ጆሮዬን ይዛ መለሰችኝ። ጥቂት ቆይቶ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና በሩ ተከፈተ። ብረቶቹን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ሽቦ ይዤ የጓዳውን በር ቀዳዳ ስጎረጉር ተገኘሁ፤ ልምጩን ቀመስኩ። "ሌባ ልታሳድጊ ነው እንዴ?" አለቻት ጎረቤታችን። እናቴ በዚህ በጣም አፈረች። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል የማንንም ቁልፍ አልነካሁም።

አሁን ልግዛ ስል የሚሸጠው ብዛት ግራ አጋባኝ። ስድስት ቁራጭ ያለው ስብስብ 40 ዶላር፤ 24 ቁራጭ ያለው፣ ጥቁር የቆዳ መሳይ ማቀፊያ የተጨመረለት፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ መለማመጃ ጓጉንቸርም አብሮት ያለው ደግሞ 23 ዶላር። ገንዘቡን ለቁጥሩ አካፍዬ የሚበዛውን መረጥኩ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማወራው ስለዚህ የተሳሳተ ስሌት ነው።

እሽጉ ሲደርስ ጓጉንቸሯን መብራት ስር ያዝኳት። እሷን በማግኘቴ ግን አልጸጸትም፤ ከውጭ ለዓመታት ያየሁት ነገር ውስጡ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በእሷ ነው። አምስት ቀዳዳ አላት፤ በየቀዳዳው ሁለት አጫጭር የነሐስ ዘንጎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ከላያቸው ትንሽ ሞላ ይጫናቸዋል። ቁልፉ ሲገባ ጥርሱ እያንዳንዱን ዘንግ የሚገባውን ያህል ያነሳዋል። የሁለቱ ዘንጎች መለያያ ከሚዞረው ሲሊንደር ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን ሲሊንደሩ ነጻ ይወጣና ይዞራል። ዛሬ የአብዛኛው ሰው በር ላይ ያለው አሠራር ይኸው ነው። ግብፃውያን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በእንጨት ዘንግ ሠርተውታል። አሜሪካዊው ላይነስ ዬል በ1848 በብረት ሠርቶ የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ልጁ ደግሞ በ1860ዎቹ ኪስ ውስጥ የሚገባውን፣ ዛሬ የምንይዘውን ዓይነት ጠፍጣፋ ቁልፍ አመጣለት።

ያለ ቁልፍ የሚከፈትበት ምክንያትም እዚያው ነው። ቀዳዳዎቹን የሚበሳው ማሽን ፍጹም አይደለም። ከፀጉር ባነሰ ልክ አንዱ ቀዳዳ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሲሊንደሩን በቀስታ ለማዞር ስትጫነው ዘንጎቹ ሁሉ እኩል አይያዙም፤ አንዱ ቀድሞ ይያዛል። እሱን ፈልገህ ብታነሳው ልኩ ላይ ሲደርስ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ ተራው የሚቀጥለው ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ብረት ያስፈልጋል፦ አንዱ ሲሊንደሩን የሚጫን ወጣሪ፣ ሌላው ዘንጎቹን የሚዳብስ መጎርጎሪያ።

የፕላስቲኳን ጓጉንቸር በመጋዝ ጥርስ መሳዩ ብረት ቧጠጥ ቧጠጥ ባደርጋት በአንድ ደቂቃ ተከፈተች። ብቻዬን ጮህኩ፤ ድምፄ ባዶው ሕንፃ ውስጥ አስተጋባ። አሥር ጊዜ ዘጋኋት፣ አሥር ጊዜ ከፈትኳት። ቀዳዳዎቿ ሰፋፊ፣ ዘንጎቿ ልል ስለነበሩ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ዕቃ ማስቀመጫዬን የምዘጋበትን ባለ 40 ሚሊሜትር የነሐስ ጓጉንቸር ፈትቼ አመጣሁ። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ወጣሪው ወፍራም ስለሆነ የቁልፉን ቀዳዳ ግማሽ ይይዝና መጎርጎሪያው መተላለፊያ ያጣል። ጠርዙ በማተሚያ ተቆርጦ ሳይሞረድ የቀረ ስለሆነ የሌባ ጣቴን ሁለት ጊዜ ቆረጠኝ። መንጠቆው ዘንጉን ልጫን ስለው ራሱ ይጎብጣል፤ አቃናዋለሁ፣ እንደገና ይጎብጣል። አንዱን ብረት ስተው ሌላውን አነሳለሁ፤ ሃያ አራቱንም በየተራ ሞከርኳቸው። ጥፋቱ የእጄ ይሁን የብረቱ የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። ሃያ አራት ብረት ሲኖርህ ሳይከፈት ሲቀር "ሌላውን ልሞክር" ትላለህ እንጂ "ምን ተሰማኝ?" ብለህ አትጠይቅም።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጹ አንድ የኛ ሰው ነበሩ። ስማቸውን መጻፍ አልፈልግም፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሰኔ ላይ ሱቃቸው ሲከፈት ጥቁሩን ማቀፊያ ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ በራቸው ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። የጎረቤታችን ቃል ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ማቀፊያውን ባንኮው ላይ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ አልተቆጡም፣ አልሳቁምም።

"ለሥራ ነው ለፍቅር?" አሉኝ።

"ለፍቅር ነው ጋሼ።"

"የማን ጓጉንቸር ነው?"

"የራሴ።"

"እሺ።" ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ በአውራ ጣታቸው ጠርዛቸውን ዳሰሱ፤ ጫፋቸውን ባንኮው ላይ ተጫኑት። የጎበጠውን ወደ ግራ፣ ያልጎበጠውን ወደ ቀኝ አደረጉ። በቀኝ በኩል የቀረው ሦስት ብረት ነው። ከእነዚያ ሦስቱም አንዱን እንደገና አንስተው ወደ ግራ ወረወሩት።

"ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ብረት የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ይዳብሳል። የሚዳብሰውን አንድ ብቻ ያዝ፤ አጭር መንጠቆ። ጓደኛህ እስኪሆን ሌላ አትንካ።"

ከዚያ ስለ ውፍረት ነገሩኝ። እዚህ አገር ለቤት በር የሚሆነው መጎርጎሪያ በብዛት 0.025 ኢንች ነው፤ ከግማሽ ሚሊሜትር በጥቂት ይበልጣል። የአሜሪካ በሮች የቁልፍ ቀዳዳ ሰፋ ስለሚል ይበቃዋል፤ ጠንካራም ነው። ወደ 0.015 የሚወርደው ቀጭን ደግሞ ቀዳዳቸው ጠባብና ጠማማ ለሆኑ፣ አውሮፓ ውስጥ ለሚበዙት ቁልፎች ይረዳል፤ ነገር ግን በጀማሪ እጅ ቶሎ ይታጠፋል። "መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሰጌቶ ምላጭ ነበር የምንሠራው" አሉኝ። "የተሰበረ ምላጭ ይለቀማል፤ ጥርሱ ይሞረዳል፤ ብረቱ እንዳይሞት ውሃ እየነከርክ ነው የምትስለው። እዚህ መጥቼ የፋብሪካውን ብለካው ያው የሰጌቶ ምላጭ ልክ ሆኖ አገኘሁት።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ኩራት አሁንም ይሰማኛል። በኋላ ራሴ ለካሁ፤ ልክ ናቸው፤ የተለመደው የእጅ መጋዝ ምላጭ 0.025 ኢንች ነው።

እንግዲህ ወጣሪው። ብዙ ሰው ለመጎርጎሪያው ነው የሚጨነቀው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጋሼ ግን "ቁልፍ የሚከፍተው የሚጫነው እጅ ነው" ይላሉ። ወጣሪው የቁልፉ ቀዳዳ አናት ላይ ወይም ግርጌው ላይ ይቀመጣል። አናቱ ላይ የሚገባው ጠፍጣፋና አጭር ከሆነ ለመጎርጎሪያው ሰፊ ቦታ ይተውለታል፤ ነገር ግን ልኩን ካልገጠመ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንድ መጎርጎሪያ ላለው ሰው ሦስት አራት ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸው ወጣሪዎች ቢኖሩት ይሻለዋል። የኔ ስብስብ ውስጥ ሃያ መጎርጎሪያና አራት ወጣሪ ነበር፤ አራቱም ወፍራም።

"መኪና ማቆሚያ አይደለም የምትሠራው?" አሉኝ ጋሼ። "የዝናብ መጥረጊያ ሲጥሉ አታይም?"

እንዴት አላይም! ክረምቱን በረዶ የፋቀ መጥረጊያ ሁሉ የሚጣለው እኛ ቅርጫት ውስጥ ነው። በዚያው ሌሊት ከቆሻሻው ውስጥ አንድ መጥረጊያ አወጣሁና ጎማውን ገፈፍኩት። በሁለቱም ጎን ረዥም፣ ጠፍጣፋ፣ የማይዝግ የብረት ጅማት ተዘርግቶበታል፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ። በማግስቱ የጋሼ ሞርሳ ላይ አሰርነው። በፒንሳ ይዘው ጫፉን ወደ ጎን አጠፉት፣ በሞረድ ጠርዙን ገደሉት፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ሰጡኝ፤ መጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 800፣ መጨረሻ 1000። "ጣትህ እስኪንሸራተት" አሉ። የመንገድ መጥረጊያ መኪና ካለፈ በኋላ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ የሚወድቁት ጠፍጣፋ የብረት ፀጉሮችም ጥሩ እንደሆኑ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሥራ ስወጣ ንጋት ላይ ከእግረኛ መንገዱ ጥግ ለቅሜ ኪሴ እከታቸው ነበር።

መንጠቆውን ግን ገዛሁ። ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው፣ ከማይዝግ ብረት የተሞረደ፣ እጀታው ጠፍጣፋ የሆነ አጭር መንጠቆ። አንድ ማበጠሪያ መሳይ፣ አንድ ግማሽ አልማዝ ቅርጽና ሁለት ቀጫጭን ወጣሪ አብረውት አሉ፤ በድምሩ 38 ዶላር። ግማሽ አልማዙን እስከ ዛሬ ከአሥር ጊዜ በላይ የነካሁት አይመስለኝም።

ጋሼ ጓጉንቸሬን ሞርሳው ላይ አሰሩልኝ። ከዚያ የማልረሳውን ነገር አደረጉ። እኔ ባንኮው ማዶ ቆሜ ነበር። "ና በዚህ በኩል ቁም፤ እዚያ ሆነህ አይታይህም" አሉኝ። ዞሬ ከጎናቸው ቆምኩ። ግራ እጃቸው ወጣሪውን በአንድ ጣት ጫፍ ብቻ ነክቷል። ቀኛቸው መንጠቆውን እንደ እርሳስ ይዟል። እጅ እንዲህ ፊት ለፊት ሲሠራ በሕይወቴ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አስገቡት፣ ወደ ኋላ እየሳቡ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ነኩ። "ይኼ ሞላ ብቻ ነው... ይኼም ሞላ... ይኼ እንቢ አለ። እዚህ ጋ ነው።" ትንሽ ተጫኑት። ቀጭ። ሲሊንደሩ ለዓይን በማይሞላ ልክ ተንቀሳቀሰ። ከፍተው አሳዩኝና መልሰው ዘጉት።

የኔ ተራ ሲደርስ ወጣሪውን በሙሉ ኃይሌ ነበር የምጫነው። እጄን በእጃቸው ያዙኝ። "የሕፃን ጥፍር ስትቆርጥ ጣቱን እንዴት ነው የምትይዘው? እንደዚያ ያዘው" አሉኝ። ይህ ቃል ከሁሉም መመሪያ የበለጠ ጠቀመኝ። ጫናው ሲበዛ ዘንጎቹ ሁሉ ይያዙና አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ጫናው ሲቀል አንዱ ብቻ ይናገራል። ያን ቀን አልከፈትኩትም። በአራተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ዘንግ እንቢ አለ፤ አነሳሁት፤ ቀጭ። አንደኛው እንቢ አለ፤ ቀጭ። አምስተኛው፣ ሁለተኛው። አራተኛው ላይ እጄ ላበ። ሱሪዬ ላይ ጠርጌ መልሼ ያዝኩት። ሲነሳ ድምፁ አልተሰማኝም፤ ጓጉንቸሩ እጄ ውስጥ ዘለለ፤ ቅስቱ ብረት ተስፈንጥሮ ወጣ። ማንም አልነበረም። ለማን እንደምደውል አሰብኩ፤ እናቴ በሕይወት የለችም። ጓጉንቸሩን እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እስኪነጋ አየሁት።

በዚያ ሰሞን ስለ አልፍሬድ ሆብስ አነበብኩ። አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ነው። በ1851 ለንደን በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ የእንግሊዞች መመኪያ የነበረውን የቸብ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተው። የብራማ ቁልፍ ደግሞ ከ1790 ጀምሮ በኩባንያው ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ ለሚከፍተው 200 ጊኒ ይሸለማል እየተባለ 60 ዓመት ያህል ቆይቷል። ሆብስ እሱን ለመክፈት በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ከፈተውና ሽልማቱን ወሰደ። እኔን የነካኝ ሽልማቱ አይደለም። ለዚያ አንድ ቁልፍ የሚሆነውን ብረት ቁልፉን አጥንቶ ራሱ አዘጋጀ። እኔ ቁልፌን ሳላውቅ ሃያ አራት ብረት ገዝቼ ነበር።

እህቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። አንድ እሑድ ብረቶቹን ቤቷ ይዤ ሄጄ ባሳያት ደነገጠች። "አንተ ልጅ፣ ሰው ምን ይለናል?" አለች። ንግግሯ የእናቴ ነበር። በፍርሃቷ ልክ ባትሆንም በሌላ ነገር ልክ ነበረች። ሜሪላንድ ውስጥ ለክፉ እስካላዋልኩት ድረስ መያዜ ችግር አልነበረውም፤ ቨርጂኒያ ግን የመስበሪያ መሣሪያ መያዝን ራሱን ለስርቆት የማሰብ ማስረጃ አድርጎ የሚያይ ሕግ አለው፤ ኔቫዳ፣ ኦሃዮና ሚሲሲፒም እንደዚሁ። ከዚያ ወዲህ ፖቶማክን ስሻገር ብረቶቹ ቤት ይቀራሉ። የሚገዛ ሰው የብረቱን ውፍረት ከማየቱ በፊት የሚኖርበትን ስቴት ሕግ ይይ እላለሁ። ሌላው ሕግ የትም አገር አንድ ነው፤ ጋሼም የነገሩኝ በመጀመሪያው ቀን ነው፦ ያንተ ያልሆነውን አትንካ፤ ያንተም ቢሆን ሥራ ላይ ያለውን አትንካ። ብረት ውስጡ ቢሰበርብህ፣ ዘንጉ ቢጣመምብህ፣ ቤትህ በር ላይ ቆመህ ታድራለህ።

ሥራ ላይ ያለውን አለመንካትን በደንብ የተማርኩት ግን በአንድ ጓጉንቸር ነው። ጋሼ ባንኮው ስር ያለውን የመሣሪያ ሣጥናቸውን የሚዘጉት ከመርካቶ ይዘውት በመጡት ትሪ ሰርክል ነበር፤ አገር ቤት ስንቱ ሱቅና ቆጥ የተዘጋበት፣ ቢጫው የቻይና ጓጉንቸር። ከዳር እስከ ዳር ተፋፍቆ አብረቅርቋል። ገና መክፈት እንደቻልኩ ሰሞን "እሱን ልሞክረው?" ብያቸው "ሥራ ላይ ነው" ብለው ከለከሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በአጠገቡ ስመላለስ አልጠየቅኋቸውም። በ2023 መኸር ሱቁን ሊለቁ ሲዘጋጁ ሣጥኑን ባዶ አደረጉ። ጓጉንቸሩን ፈትተው ቆለፉት፣ ቁልፉን ኮታቸው ኪስ ከተቱ፣ ጓጉንቸሩን ባንኮው ላይ ወደኔ ገፉት።

"አሁን ሥራ ፈትቷል" አሉ።

አጭሩን መንጠቆ አወጣሁ፤ እጀታው አሁን በጣቴ ልክ አብረቅርቋል። ከዝናብ መጥረጊያው የሠራነውን ወጣሪም አወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ቁልፍ የምታስቀርጽ አንዲት የኛ ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ቆማ ነበር። ወጣሪውን አስገብቼ መዳበስ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዘንግ እንቢ አለ። አነሳሁት። አራተኛው። ልጁ አንገቱን ሲያሰግግ በዓይኔ ጠርዝ ታየኝ፤ እናቱ "ና ወዲህ፣ ነውር ነው!" ብላ ክንዱን ሳበችው። ያን ጊዜ ነው ትከሻዬን አስፍቼ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ መቆሜን ያወቅሁት። መቼ እንደዞርኩ አላውቅም።

"ተይው እመቤት፣ ይይ" አሏት ጋሼ።

ጓጉንቸሩንም ብረቶቹንም እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞርኩና እጄን ዝቅ አደረግሁለት። ልጁ ባንኮው ጠርዝ ላይ አገጩን አስደገፈ። "ይኼ ሞላ ብቻ ነው" አልኩት፤ "ይኼም ሞላ... ይኼ ግን እንቢ አለ።"